አርባ ሰባተኛው ረድፍ

ለታላቅ እህቴ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጎንበስ ቀና ስትዪ የሚወጋሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሰው ሲጠይቅሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ትነሺያለሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? ጋራዡ ሥራ አለው? ልጆቹስ? ትልቋ ፈተናዋን ጨረሰች? ትንሿስ አሁንም የጫማዋን ግራና ቀኝ ታቀያይራለች? ከሁሉም በላይ አባባ እንዴት ነው? እንዴት አደረ፣ እንዴት ዋለ፣ ስንት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰ፣ ትንፋሹስ? ይህን ጥያቄ ጽፌ መልሱ እጄ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ስልክማ ተስፋ ቆርጬበታለሁ። በደወልኩ ቁጥር ያቺ ድምፀ መልካም ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» ትለኛለች። ዘንድሮ ከአንቺ ይልቅ ከእሷ ጋር ብዙ ተጨዋውተናል። ስልክሽ ቻርጅ የሚያገኘው መብራት ሲመጣ ስለሆነ አልፈርድብሽም። ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ልኬዋለሁ፤ እባክሽ መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው።

ስለ እኔ ከጠየቅሽ አካሌ ደህና ነው፤ ያ ጥርሴ እንኳ አርፎ ተቀምጧል። ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው። ወደ እሱ እስክደርስ ግን ታገሺኝ፤ እንደምታውቂኝ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ቤት አልገባም።

ደብዳቤሽ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ደረሰኝ። ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። መብራቱ ሐሙስ ጠዋት ሄዶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መመለሱን፣ የአባባ የኦክስጅን ማሽን እንደ ልማዱ ጮሆ ጮሆ ዝም ማለቱን፣ ጋሼ ከጋራዡ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ መጥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ማሽኑን እንዳሠራለት፣ ባትሪውም ሲደክም አባባን ከነወንበሩ ለአራት ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያ እንዳደረሳችሁት፣ እዚያም አንድ ሲሊንደር ብቻ ተገኝቶ ከአንዲት ወላድ ጋር ሲቀባበሉት እንደዋሉ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ጣቶቹ ሰማያዊ መሆናቸውን በአንድ መስመር ጽፈሽ አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ሁሉ መሃል አባባ ማሽኗን «ነዝናዛዋ» እያለ እንደሚጠራት «ነዝናዛዋ ዛሬ አረፈች፣ እኔም ጆሮዬ አረፈ» ብሎ መቀለዱን ስትጽፊልኝ ደግሞ አንጀቴን በላው። እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ አከራዬ በር አንኳኩታ ምን ሆንክ እስክትለኝ ድረስ።

ከደብዳቤሽ ግርጌ ያለችውን ልመናሽን በቃሌ ይዣታለሁ። «አንተ ከመብራት ሰዎች ጋር ነው የምትውለው፤ እባክህ አንድ ቃል ተናገርልን። በላያችን የሚያልፈው ሽቦ ወደ እኛም ጎራ ይበል፤ እሱ ባይሆን ለጤና ጣቢያው ያንን ትልቁን ባትሪ ይስጡት» ብለሻል። ይህን ሁሉ ወረቀት የማቆሽሸው ለዚች ጥያቄሽ መልስ ለመስጠት ነው። መልሱ ጥሩ አይደለም እታለም።

አባባ ሊጠይቀው ለሚመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ እኮ ከመብራት ሰዎች ጋር ነው፣ መብራቱ ዘንድሮ ይመጣል» እንደሚልም ነግረሽኛል። እሱን ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አርባ ዓመት በእንጨት ምድጃ ፊት ቆሞ ለከተማው ሁሉ ዳቦ ሲጋግር ሳንባውን ያጨሰ ሰው ነው። ያ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከመኪና የወረደ ዕለት እንዴት እንዳደረገው ትዝ ይልሻል? በሩን እየከፈተ እየዘጋ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ እያስገባ፣ «ከእንግዲህ ጭስ ቀረ» እያለ! አንድ ወር ሳይሞላ መብራት አጥቶ የዱቄት ጆንያ ማስቀመጫ ሆነ። ከዚያ ዶሮዋ ውስጡ ገብታ ስትታቀፍ «ይኸው ሠራ፣ ጫጩት ጋገረልን» ብሎ የሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ያኔ እንደዚያ የሚያስቅ ትንፋሽ ነበረው።

አሁን ሥራዬን በትክክል ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ትንሽ አሳምሬ ነበር የምነግራችሁ። እኔ የመብራት ሰው አይደለሁም። ሽቦ በእጄ ነክቼ አላውቅም። የምሠራው የአሥራ ዘጠኝ አገሮች የጋራ የኃይል ጽሕፈት ቤት በሚባለው ውስጥ ነው፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይከፈት፣ ምንጣፉ ግራጫ፣ የማተሚያው ማሽን ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርምበት ክፍል። ከየአገሩ የሚላኩ ቁጥሮችን በሰንጠረዥ አስገባለሁ። የትኛው ወረዳ በቀን ስንት ሰዓት መብራት ያገኛል፣ ስንት ቤት ተገናኝቷል፣ ነዳጁ በየት በኩል ይመጣል፣ የመጠባበቂያ ክምችቱ ለስንት ቀን ይበቃል። ያ ነው ሥራዬ። ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር ማስቀመጥ።

በእነዚያ ቁጥሮች ላይ ደግሞ እኛ ክፍል ውስጥ «ቢሆንስ» የምንለው ሥራ ይሠራል። ወንዙ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቢጎድልስ? የጋዙ ቧንቧ የሚያልፍበት አገር በሩን ቢዘጋስ? መርከቦቹ የሚመጡበት ባሕር ቢታወክስ? የሕዝቡ ቁጥር በእጥፍ ቢያድግስ? እያንዳንዱ ቢሆንስ ሠላሳ ዓመት ወደፊት በመስመር ይሣላል፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ዝግተኛ ይባላል። መስመሮቹን ይዘው አሥራ ዘጠኙ አገሮች ይቀመጡና «እንዲህ የሆነ እንደሆነ እናንተ ከእናንተ ታካፍሉናላችሁ፣ እንዲያ የሆነ እንደሆነ እኛ ከእኛ» ብለው ይስማማሉ።

ደግሞ መጥፎ ሥራ እንዳይመስልሽ። ድንበር ላይ ሲተኳኮሱ የከረሙ ሁለት አገሮች አሉ፤ ልዑካኖቻቸው አሳንሰር ውስጥ ተገናኝተው ሰላም የማይባባሉ፣ ሁለቱም የወለሉን ቁጥር እንደ ጉድ የሚያዩ። እነዚያ ሰዎች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የአንዱ ግድብ ሲጎድል የሌላው የነፋስ ኃይል እንዲሞላለት ሲፈራረሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት ዓይኔ እንባ አቅርሮ ቁጥሮቹን ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ማንንም ክፉ ነው አልልሽም። ክፉ ሰው ባገኝማ ምንኛ በቀለለኝ፤ የምሰድበው አገኝ ነበር።

መስመሮቹን የሚሥለው የሒሳብ ባለሙያ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ሠላሳ ዓመት አሻግሮ ስለሚያይ «ነቢዩ» እንለዋለን። ነቢዩ ከዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በየትኛው ወር የትኛው አገር ኃይል እንደሚያጥረው ይነግርሻል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚመጣ ግን አያውቅም። በየሳምንቱ በእኔ ጃንጥላ ሥር ተለጥፎ ነው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚሄደው። ደግ ሰው ነው።

የእኛ ክፍል አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ባዶ ሣጥን አይተላለፍም። የነቢዩ ፕሮግራም ሰንጠረዡ ውስጥ አንዲት ባዶ ሣጥን ካገኘ እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ስለዚህ ከአንድ ወረዳ ቁጥር ሳይመጣ ሲቀር የጎረቤቶቹን ቁጥር ደምረን እናካፍልና አማካዩን በባዶው ውስጥ እናስገባለን። የሞላው ሰውም ከጎኑ ሁለት የስሙን ፊደላት ያኖራል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰንጠረዡ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ባዶ ሣጥኖች ተሰጡኝ። ወረዳዎቹ በስም አይጻፉም፣ በቁጥር ነው የሚታወቁት። አንገቴን ደፍቼ በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ለዚያ ቅልጥፍናዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ፎቶ አንሥቼ የላክሁላችሁ፣ አባባ በመስታወት አሠርቶ ከአልጋው በላይ የሰቀለው ያ ወረቀት እሱ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት በጠዋት ገብቼ የወረዳዎቹን መዝገብ አውጥቼ የእኛን ከተማ ፈለግሁ። እስከዚያ ቀን ፈልጌው አላውቅም ነበር። ለምን ብትዪኝ፣ ምናልባት ስለ እኛ የሚያስብ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ይሆናል። የእኛ ወረዳ አርባ ሰባተኛው ረድፍ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። «በቀን የሚገኝ የመብራት ሰዓት» ከሚለው ሥር ሃያ አንድ ይላል። ሃያ አንድ ሰዓት እታለም! በሳምንት ሃያ አንድ ሰዓት ቢሉት እንኳ በጥሩ ሳምንት ነው። የማን ቀልድ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ከጎኑ ያሉትን ሁለት ፊደላት አየሁ። የእኔ ናቸው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በምሥራቅ ጎረቤታችን የሲሚንቶ ፋብሪካው ያለበት ወረዳ ነው፤ በጣሪያችሁ ላይ እያፏጨ የሚያልፈው ወፍራም ሽቦ ወደ እሱ ነው የሚሄደው፣ ሃያ አራት ሰዓት ያገኛል። በምዕራብ ግድቡ ያለበት ነው፣ እሱም ሃያ አራት። በደቡብ ያለችው ከተማ አሥራ አምስት። ደመርኩ፣ ለሦስት አካፈልኩ፣ ሃያ አንድ አገኘሁ። ሒሳቡን አሥር ጊዜ መልሼ ሠራሁት። አንድም ስሕተት የለበትም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ ተሳስቼ ቢሆን ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

አሁን ይህ ቁጥር ምን እንዳደረገብን ልንገርሽ። በቀን ሃያ ሰዓትና ከዚያ በላይ መብራት የሚያገኝ ወረዳ «የደረሰው» ይባላል። አገሮቹ በጋራ የሚተክሏቸው አነስተኛ ማሠራጫ ጣቢያዎች ለእሱ አይታሰቡም፤ በጋራ ተገዝተው ለጤና ጣቢያዎች የሚከፋፈሉት ባትሪዎችም ወደ እሱ አይመጡም። በነቢዩ ካርታ ላይ እኛ አረንጓዴ ነጥብ ነን። እንደገና የምንታሰበው በፈጣኑ ቢሆንስ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ በዝግተኛው ከሃያ ሦስት። አባባ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ይህን እኔ አልደመርኩትም፣ አንቺም አትደምሪው።

መጀመሪያ ለነቢዩ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ ከዚያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሃያ አንዱን አጥፍቶ ሦስት አስገባና ፕሮግራሙን አስነሣው። ሻይ አፍልተን እስክንመለስ ሠርቶ ቆየን። አረንጓዴዋ ነጥብ ቀይ ሆነች። ከተማችን በባትሪው ዝርዝር ላይ ስድስተኛ ሆና ወጣች፣ በሚቀጥለው ዓመት! እንደ ሕፃን ልጅ ነቢዩን አቅፌ ሳምኩት። ስንት ሰው ነው የተወለደበት ከተማ ቀይ ስለሆነ የሚደሰት? ነቢዩ ግን አብሮኝ አልሳቀም። ይህ በእኔ ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ የጋራው ሰንጠረዥ ቁልፍ እኔ ጋ አይደለም አለኝ። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘጋው፤ ነጥቧ ተመልሳ አረንጓዴ ሆነች።

በማግስቱ ወደ ክፍላችን ኃላፊ ገባሁ። ቅን ሴት ናት፤ ባለፈው ዓመት ስታመም ቤቴ ድረስ መድኃኒት የላከችልኝ እሷ ናት። ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፣ ውሃ ቀዳችልኝ። ከዚያ ሰንጠረዡ ላይ አሥራ ዘጠኙም ተስማምተው ማለቃቸውን፣ የቀረው ማጽደቅ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። ለአንዱ አንድ ሣጥን ከተከፈተ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሣጥን ይዞ ይመጣል፣ የሁለት ዓመት ድርድር በአንድ ቀን ይፈርሳል አለች። «እናንተን ዝርዝሩ ውስጥ ሳስገባ ከዝርዝሩ የሚወጣው ወረዳ ውስጥም እንዳንተ አባት የሚተነፍሱ ሰዎች አሉ» አለችኝ። ልክ ናት። ልክ የሆነ ሰው ፊት መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ አሁን ነው ያወቅሁት። ቀጣዩ ዙር ከሦስት ዓመት በኋላ ሲከፈት ይታያል፣ የማረሚያ ቅጽ ሙላ አለችኝ።

ቅጹን ሞላሁ። «ለአዲሱ ቁጥር የቀረበ ማስረጃ» የሚል ሣጥን አለው። «እህቴ ጽፋልኛለች» ብዬ ጻፍኩና አፍሬ ሰረዝኩት። ቅጹም ባዶ ቦታ አለው ተብሎ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ለስብሰባው ከአገራችን የመጣውን ልዑክ ሁለት ቀን ደጅ ጠናሁት። በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት አገኘሁት፤ የአገሬ ልጅ ብሎ አቀፈኝ። ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ያን ዓመት የወረዳችን ቅጽ ለምን እንዳልተላከ ያውቅ ኖሯል። ቅጹ በኮምፒውተር ነበር የሚላከው፤ የወረዳው ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ መብራት ሲጠብቅ ቀኑ አለፈበት። ስለ መብራት የሚጠይቅ ቅጽ መብራት ጠፍቶ ሳይላክ ቀረ ማለት ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ ልዑኩ ድምፁን ዝቅ አደረገና እንዲህ ያለው ቁጥር አገሪቱን ከሰንጠረዡ መሃል እንዳስቀመጣት፣ አለቆቹም በእሱ ደስ እንዳላቸው አጫወተኝ። «በአሥራ ስምንት አገር ፊት ገበናችንን ላውጣው?» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አባትህን ፈጣሪ ይማርልህ» ብሎኝ ወደ አዳራሹ ገባ። ምርቃቱ ከልቡ ነበር፤ እሱን እንኳ ልክደው አልችልም።

የማጽደቂያው ስብሰባ ከትናንት ወዲያ፣ አርብ ተደረገ። እኛ ሠራተኞቹ ግድግዳ ጥግ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ነው የምንቀመጠው፤ ፊታችን ማይክሮፎን የለም፣ የመናገር መብትም የለንም። ሰብሳቢው የሰንጠረዡን ገጾች አንድ በአንድ እያነሣ ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ይላል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ ያልፋል። አርባ ሰባተኛው ረድፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ሦስተኛውን ገጽ አነሣ። ተቃውሞ ያለው አለ ወይ አለ። ከእኔ እስከ ቅርቡ ማይክሮፎን አራት እርምጃ ነበር፤ ለክቼዋለሁ።

እኔ እኮ ነኝ እታለም። አስተማሪ ዝም በል ሲለኝ የማልሰማው፣ ለቅሶ ቤት ገብቼ ወሬ የምጀምረው፣ አንቺ ራስሽ «ለፍላፊው» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ። ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሥራዬን ፈራሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ፈራሁ፣ ለአባባ በየወሩ የምልከው መድኃኒት እንዳይቋረጥ ፈራሁ። ደግሞም ብናገር የሚሆነውን አውቃለሁ፤ በትሕትና አስወጥተውኝ ገጹ ያልፋል። ይህን የምልሽ እውነት ስለሆነ ይሁን ወይስ ራሴን ላጽናና፣ እኔም አላውቀውም። ነቢዩ ከጎኔ ተቀምጦ ጉልበቴን በእጁ ይዞት ነበር፤ ሊያስነሣኝ ይሁን ሊያስቀምጠኝ አልጠየቅሁትም። ገጹ አለፈ። በመጨረሻ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም ተነሣሁ፣ እኔም አጨበጨብኩ። መዳፌ ሲግል ይታወቀኛል።

ይኸው ነው መልሴ። አንድ ቃል ተናገርልን ብለሽኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። በዚያ ላይ ቀድሞ የተናገርኩት ቁጥር ነው የጎዳችሁ። ባለፈው የላክሁት የፀሐይ ባትሪም ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ እስከ ዛሬ ወደብ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ በየሳምንቱ እጽፍላቸዋለሁ፣ በየሳምንቱ ደብዳቤህ ደርሶናል ይሉኛል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። የሠላሳ ዓመት መብራት በሚታቀድበት ቤት እየዋልኩ ለአባቴ የአንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ማምጣት አቃተኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ትልቋ ጽፋ ያልጨረሰችው ደብተር ካለ ከዛሬ ጀምራችሁ በየቀኑ መብራት የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ጻፉበት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ በየሳምንቱ ፈርማ ማኅተም ታድርግበት። ቀን አትዝለሉ። መብራት ጨርሶ ያልመጣ ቀን ዜሮ ብለሽ ጻፊ፤ እባክሽ ባዶ አትተዪው። ዜሮን ማሽኑ ያያታል፤ ባዶውን ግን እንደ እኔ ያለ ሰው መጥቶ ይሞላዋል። ይህ ከሦስት ዓመት በኋላ እንጂ አሁን ለአባባ እንደማይደርስለት አውቃለሁ። እኔ ማድረግ የምችለው ይህን ብቻ ስለሆነ ነው።

ደግሞ ያንን የምስክር ወረቀት ከአልጋው በላይ አውርጂልኝ። መስታወቱ አቧራ ይዟል፣ ላጽዳው በይውና ሳጥን ውስጥ ክተቺው።

ለጋሼ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ያንን ባትሪ ስለተሸከመበት ትከሻው እጅ ነሥቻለሁ በይው። ለትልቋ፣ ደብተሩ በእጅ ጽሕፈቷ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የእኔና የአንቺማ የዶሮ ጭረት ነው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽም አንዳንዴ ግራና ቀኙ ይምታታበታል በያት። አባባን ከነወንበሩ ለተሸከሙት ጎረቤቶች እግራቸውን እስማለሁ። ነርሷንም አመስግኚልኝ። ያቺን ዶሮ አሁንም ምድጃው ውስጥ ካለች አታስወጧት፤ በእሱ የተጠቀመች እሷ ብቻ ናት።

ለአባባ የምለውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ዘንድሮ ይመጣል ብዬ ልዋሸው አልችልም። አይመጣም፣ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ ብዬ የቀረችውን ትንፋሽ ልቀማው አልችልም። ልጄ ምን አለኝ፣ አንብቢልኝ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ሌላውን ዝለዪና የሰላምታውን ብቻ አንብቢለት፤ የእሱን ቦታ ከዚህ በታች ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ከሩቅ ባዶ ስሞላም ከዚህ በፊት አይተሽኛል። አንቺ አጠገቡ ነሽና ዓይኑን አይተሽ ሙዪው።

ለአባባ፦ . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

ታናሽ ወንድምሽ፣ ለፍላፊው

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት ፲፬ ቀን